ክሪፕቶ ያለበት ትዳር ሲፈርስ፦ ሳንቲሙን ቁጠሩ፣ ብሩን ተዉት

ባለፈው ክረምት ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ ባልና ሚስት የቢሮዬን በር ሞሉት። ጎንደር ላይ፣ ፍርድ ቤት አጠገብ፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ነው የምሠራው። አቤቱታ፣ መልስ፣ የስምምነት ፍቺ፣ የመጣውን ሁሉ እጽፋለሁ። ሰዎቹ ጉዳዩን ጨርሰው ነው የመጡት። ቤቱ ለእሷ፣ ባጃጁ ለእሱ፣ ልጆቹ ከእናታቸው ጋር። በመጨረሻ አንደኛው አባት ከጋቢያቸው ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጡ። አሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተጽፈውበታል።

«ይኸውልሽ ልጄ፣ የስልኩ ገንዘብ ቁልፍ ይኼ ነው አሉን። አሥራ ሁለት ነው። ስድስት ስድስት አካፍለናቸዋል። በይ ሁለት ኮፒ አድርጊና ጻፊው።»

ሳቄን ዋጥኩት። ወረቀቱን ግን በፊቱ ደፋሁት። ኮፒም አላደረግኩም። እነዚያ ቃላት ሲድ ፍሬዝ ይባላሉ፣ የክሪፕቶ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚላክ ዲጂታል ገንዘብ፣ መክፈቻ ናቸው። ብዙውን ጊዜ 12 ወይም 24 ናቸው። ሙሉውን በቅደም ተከተሉ የያዘ ሰው ከየትኛውም ስልክ ገብቶ ገንዘቡን ይወስዳል። ስድስቱን ብቻ የያዘ ምንም አያገኝም። ሁለቱም ሙሉውን ከገለበጡ ደግሞ የቀደመ ጠርጎት ይሄዳል።

«አባባ፣ ይኼ እህል አይደለም፣ የበር ቁልፍ ነው» አልኳቸው። «ቁልፍ ለሁለት ቢሰበር ማን ይገባል?»

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አሉ።

ለእሳቸው የመለስኩትን ነው እዚህ የምጽፈው። ጠበቃ አይደለሁም። ግን የጠበቆች ወረቀት በእጄ ያልፋል፣ እኔም ፈትቼ አይቼዋለሁ። የተማርኩት ደግሞ በኪሳራ ነው።

የቀድሞ ባለቤቴ የግራፊክስ ባለሙያ ነው። ደንበኞቹ ውጭ አገር ናቸው፣ የሚከፍሉት በዩኤስዲቲ ነበር፤ ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ክሪፕቶ፣ ወይም በተለምዶ ዲጂታል «ሳንቲም» የምንለው ነው። ከነሐሴ 2015 በኋላ የሞባይል ዳታ በጠፋበት ጊዜ ፒያሳ ዋይፋይ ያለበት ካፌ ውሎ ያመሽ ነበር። ሰኔ 2016 ስንለያይ ስልኩ ላይ 2,400 ዩኤስዲቲ ነበረው። አልደበቀም፣ እግዜር ይስጠው፣ ከፍቶ አሳየኝ። ግማሹ የእኔ እንዲሆን ተስማማን። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ በዚሁ ኮምፒውተር። «የ1,200 ዶላር ግምት፣ በባንክ ዋጋ 68,400 ብር፣ በሦስት ወር ውስጥ ይከፍላል።» ያኔ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። መስከረም ላይ ሲከፍለኝ የባንኩ ዋጋ ከ100 ብር በላይ ሆኖ ነበር። ሰውዬው ቃሉን ጠብቋል። 68,400 ብሩን አንድ ሳንቲም ሳያጎድል ሰጠኝ። እሱ ስልክ ላይ የቀረው 1,200 ግን ከ120,000 ብር በላይ ያወጣ ነበር። ማንን ልክሰስ? የሰው ወረቀት ላይ አራት ነጥብ ሲጎድል የምናደድ ሰው ነኝ እኮ።

የማን ነው?

እኛ ጎንደር ያለን የምንዳኘው በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ያላችሁ የእናንተ 213/1992 ነው። ሁለቱም ሲወጡ ቢትኮይን አልተወለደም። የመጣው በፈረንጆቹ ጥር 2009፣ በእኛ 2001 ነው። ስለዚህ «ክሪፕቶ» የሚል ቃል ሕጉ ውስጥ አትፈልጉ። መፈለግ ያለባችሁ መርሁን ነው። በጋብቻ ዘመን በባል ወይም በሚስት ጥረት የተገኘ ገቢ የጋራ ነው። በአንዱ ስም መመዝገቡ ለውጥ የለውም። «የግሌ ነው» የሚል፣ እሱ ያስረዳ። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ወይም በውርስና በስጦታ ለአንዱ የመጣ ደግሞ የግል ነው።

«የማይዳሰስ ነገር ንብረት ይባላል ወይ?» የሚሉኝ አሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1129ን አንብቡ። ኤሌክትሪክን የመሰለ የተፈጥሮ ኃይል፣ ሰው ተቆጣጥሮ ለጥቅሙ ካዋለው፣ እንደሚዳሰስ ዕቃ ይቆጠራል ይላል። ክሪፕቶ የተፈጥሮ ኃይል አይደለም፣ አንቀጹ በቀጥታ አይነካውም። ግን ሕጋችን ዋጋ ያለውን ነገር ስለማይጨበጥ ብቻ እንደማይጥለው ያሳያል። ውጭም ነገሩ አልቋል ማለት ይቻላል። የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ በፈረንጆቹ 2014 እንደ ንብረት ቆጥሮታል፣ የእንግሊዝ ፍርድ ቤትም በ2019 ቢትኮይን ንብረት ነው ብሏል። የእነሱ ውሳኔ እኛን አያስርም፣ ለጠበቃችሁ ግን መከራከሪያ ይሆነዋል።

በ2016 አንዲት የአዘዞ ሴት መጥታ «ሌሊቱን ሙሉ ሐምስተር ሲቀጠቅጥ ያድር ነበር፣ ግማሹ ይገባኛል» አለችኝ። ሐምስተር ስልክ እየነካኩ ሳንቲም የሚሰበስቡበት የቴሌግራም ጨዋታ ነው። ሳቅን። በኋላ ሳስበው ልክ ናት። በትዳር ውስጥ፣ በጉልበቱ፣ ያውም በእሷ እንቅልፍ ላይ የተገኘ ኤርድሮፕ (በነጻ የሚታደል ሳንቲም) ነው። የጋራ ነው። ችግሩ ሐምስተር በመስከረም 2017 ገበያ ላይ ሲወጣ የወረቀቴን ዋጋ የማይከፍል መሆኑ ነው።

አስቸጋሪው ሲደባለቅ ነው። ሰውዬው ከሠርጉ በፊት ቢትኮይን ነበረው እንበል። ከሠርጉ በኋላ ሸጦ ዩኤስዲቲ ያደርገዋል። ደሞዙንም እዚያው ላይ ይጨምራል። ከዚያ አንዱን ሸጦ ሌላ ይገዛል። የግሌ የሚለው የትኛው ነው? ካላስረዳ ሁሉም የጋራ ተብሎ ይያዛል። እናንተ የቅድመ ጋብቻው ባለቤት ከሆናችሁ ከሠርጉ በፊት የነበረውን ቀሪ ሂሳብ ዛሬውኑ አውርዳችሁ አስቀምጡ። የትዳር ጓደኛ ከሆናችሁ ደግሞ የሠርጉን ቀን መነሻ አድርጋችሁ ከዚያ ወዲህ የገባውን ለዩ።

ሳይቃጠል በቅጠል

ሰው የሚሸነፈው በሕጉ አይደለም፣ በማስረጃ ነው። አብዛኛው ደንበኛዬ «ብዙ ገንዘብ አለው» ይለኛል። «የት?» ስል «ስልኩ ላይ።» ዳኛ ፊት ይኼ አይበቃም። የትኛው መተግበሪያ? የትኛው ሳንቲም? ስንት? መቼ ታየ?

ግን አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ተኝቶ እያለ ጣቱን አንስታችሁ ስልኩን አትክፈቱ። የይለፍ ቃሉን ሰርቃችሁ አካውንቱ ውስጥ አትግቡ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን በወንጀል ያስጠይቃል። ከሳሽ ሆናችሁ ሄዳችሁ ተከሳሽ ሆናችሁ ትመለሳላችሁ።

ሰላም ሳለ ራሱ ያሳያችሁን፣ የላከላችሁን ስክሪንሾት፣ በቴሌግራም «ዛሬ 300 ገባ» ብሎ የጻፈላችሁን አታጥፉት። ያ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ብሩ ያለፈበት መንገድ ነው። ዩኤስዲቲ ጎንደር ላይ እንጀራ አይገዛም፣ መጀመሪያ ብር መሆን አለበት። የተለመደው መንገድ ፒቱፒ፣ ማለትም ሰው ከሰው በቀጥታ የሚገበያይበት ነው። ሻጩ ሳንቲሙን ያስይዛል፣ ገዢው በባንክ ወይም በቴሌብር ብር ይልካል፣ ሻጩ «ደርሶኛል» ሲል ሳንቲሙ ይለቀቃል። የባንክ ስቴትመንት ላይ ይኼ እንዴት ይታያል? በወር ሰባት ስምንት ጊዜ የማይታወቅ ስም። አንዴ ከሐዋሳ፣ አንዴ ከአዳማ። እሱ ሱቅ የለው፣ ዕቃ አይልክ። ሲገዛ ደግሞ በተቃራኒው ብር እየወጣ ለማይታወቁ ሰዎች ይሄዳል። የእናንተን ስቴትመንት ራሳችሁ ታወጣላችሁ። የእሱን ባንኩ አይሰጣችሁም፣ ትክክልም ነው። ለፍርድ ቤቱ አመልክታችሁ ባንኩ እንዲልክ ትዕዛዝ ይጻፍላችኋል። ማመልከቻው ላይ የባንኩን ስምና ጊዜውን ለይታችሁ ጻፉ። «ያሉት ባንኮች ሁሉ» ብሎ መጻፍ መዝገቡን ያጓትተዋል።

ሌላው ሰንሰለቱ፣ ማለትም ዝውውሩ ሁሉ የሚመዘገብበት ክፍት መዝገብ (ብሎክቼን) ነው። የዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) አድራሻውን ካወቃችሁ የገባውና የወጣው ለማንም ክፍት ነው። ትሮን በሚባለው መረብ (ዩኤስዲቲ ከሚላክባቸው አንዱ ነው) ያለ ዩኤስዲቲ አድራሻው በቲ ፊደል ይጀምራል፣ 34 ፊደልና ቁጥር ነው። ትሮንስካን የሚባለው ድረ ገጽ ላይ አስገቡት። ስንት፣ መቼ፣ ወደ የት እንደሄደ ይዘረዝራል። የሰው ስም ግን አይጽፍም። አድራሻው የእሱ መሆኑን በሌላ ነገር ማያያዝ የእናንተ ሥራ ነው። አትማችሁ ስታመጡ ደግሞ ፍርድ ቤታችን የሚሠራው በአማርኛ ነው፣ ስለዚህ ይተረጎማል። ቀኑም ይለወጣል። «ጁን 14 ቀን 2024፣ 18:20» የሚለው በዓለም አቀፍ ሰዓት ከሆነ ሦስት ሰዓት ጨምሩ። በእኛ ሰኔ 7 ቀን 2016፣ ከምሽቱ 3:20 ነው። ይቺን ሳይለውጡ አቅርበው «ሰኔ 7 ነው ያልሽው፣ ወረቀቱ 14 ይላል» ተብለው ሲንተባተቡ ያየኋቸው አሉ።

«ከሰርኩ» ለሚልም፣ ኪሳራ ዱካ አለው። ገዝቶ በርካሽ ከሸጠ የግዥና የሽያጭ ታሪኩ መድረኩ (የሚገበያይበት መተግበሪያ) ላይ ይገኛል፣ ባለቤቱ ማውረድ ይችላል። ያውርድ። ታሪኩ ላይ ሽያጭ ሳይሆን «ወጪ» ብቻ ከታየ፣ ያ ወደ ሌላ ቦታ የተዛወረ ነው። «ስልኬ ጠፋ» የሚለውም አይሠራም። ስልክ ይጠፋል፣ ቃላቶቹ ካሉ ገንዘቡ አይጠፋም።

እግድ

ቤት ሲሆን ማዘጋጃ ቤት ይታገዳል። መኪና ሲሆን መንገድ ትራንስፖርት። ክሪፕቶ ሲሆንስ? መድረኩ ውጭ አገር ነው፣ የጎንደር ደብዳቤ እዚያ ደርሶ እስኪሠራ የሰውዬው ጣት ይቀድማል። የግል ዋሌት ከሆነ ደግሞ ደብዳቤ የሚቀበል ቢሮም የለም። ስለዚህ እግዱን በሰውዬው ላይ ጠይቁ። ክርክሩ እስኪያልቅ እንዳያዛውር፣ እንዳይሸጥ፣ ያለውንም በቁጥር ዘርዝሮ በቃለ መሐላ እንዲያቀርብ። ብሩ የሚገባበት የባንክ ሂሳብም አብሮ ይጠየቅ። ከፍቺው አቤቱታ ጋር አያይዙት፣ ቆይታችሁ አይደለም። የመጀመሪያው ቀጠሮ እስኪደርስ ብዙ ሌሊት አለ።

እዚህ ላይ አንድ የሚቆረቁር ነገር አለ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን ጠቅሶ፣ በክሪፕቶ መገበያየት ሕጋዊ እንዳልሆነ ለሕዝብ አስጠንቅቋል። ስለዚህ አቤቱታው ላይ «በክሪፕቶ ይነግድ ነበር፣ እኔም እረዳው ነበር» ብሎ ከመዘርገፍ በፊት ጠበቃ ያንብበው። እኔ የማየው የተሻለ አጻጻፍ በጋራ ገንዘብ የተፈራ ንብረት መሆኑን፣ ብዛቱንና ያለበትን ቦታ የሚገልጽ ነው። ዳኝነቱም ሁለት አማራጭ ይኑረው፦ በዓይነት ይካፈል፣ ካልሆነ በብር ተገምቶ ግማሹ ይከፈል።

ሲጻፍ

ሕጉ መጀመሪያ በዓይነት አካፍሉ ይላል። የማይከፈል ሲሆን ነው ግምትና ሐራጅ የሚመጣው። በሬ ለሁለት አይከፈልም፣ ክሪፕቶ ግን ይከፈላል። አንድ ቢትኮይን እስከ ስምንት የነጥብ ቤት ይሸነሸናል። እንዲህ የሚመች ንብረት ሽማግሌ አይቶ አያውቅም።

እናም ስምምነቱ ላይ ብዛቱን ጻፉ። የእኔ ወረቀት እንዲህ መሆን ነበረበት፦

«ባል ለሚስት 1,200 ዩኤስዲቲ በትሮን መረብ፣ ሚስት በፊርማዋ በምትሰጠው አድራሻ፣ እስከዚህ ቀን ድረስ ያስተላልፋል። በዓይነት ካላስተላለፈ፣ ገንዘቡ በሚከፈልበት ዕለት ባለው የባንክ የዶላር መሸጫ ዋጋ ተባዝቶ በብር ይከፍላል።»

«በሚከፈልበት ዕለት» የሚሉት ሁለት ቃላት ለእኔ ከ50,000 ብር በላይ ያወጡ ነበር። የየትኛው ባንክ ዋጋ እንደሆነም በስም ይጻፍ፣ አለበለዚያ ሌላ ክርክር ነው።

ቢትኮይን ሲሆን ቀኑ ከዚህም በላይ ያሳስባል። በፈረንጆቹ ኅዳር 2021 ወደ 69,000 ዶላር ደርሶ ነበር። ከዓመት በኋላ 16,000 አካባቢ ወረደ። ታኅሣሥ 2024 ላይ 100,000 አለፈ። ክስ ሲከፈት፣ ፍቺ ሲወሰን፣ ክፍፍል ሲፈጸም፣ ሦስቱም ቀን የተለያየ ዋጋ ነው። ብዛቱ ከተጻፈ ግን መውጣቱም መውረዱም ለሁለቱም እኩል ይደርሳል። አንዱ «እኔ እቴ የስልክ ገንዘብ አልፈልግም» ካለ በቤት ዕቃ ወይም በብር ይካካስ፣ ያኔም ዋጋው የዚያው ቀን ይሁን፣ ክፍያውም ሳያድር።

ዕዳ ካለም እዚያው ይነሳ። ዕቁብ ወጥቶ ሳንቲም ተገዝቶበት ከሆነ ሳንቲሙን ተካፍሎ ዕቁቡን ለአንዱ መተው የለም።

ሲላክ

ወደ እነዚያ ባልና ሚስት ልመለስ። ወረቀቱ በአራት ሰው እጅ አልፏል፣ ስለዚህ ያ ዋሌት ከእንግዲህ የማንም መሆን የለበትም። ሁለቱም በየራሳቸው ስልክ አዲስ ዋሌት ከፈቱ። ቃላቶቿን ስትጽፍ ሁላችንም ፊታችንን አዞርን። አባባም አዞሩ። በካሜራ እንዳታነሳውም ነገርኳት፣ የስልክ ፎቶ ስንት ቦታ እንደሚሄድ አይታወቅም።

መላክ ሲጀመር እምቢ አለ። ለካ ዩኤስዲቲ በትሮን ሲላክ የመላኪያ ክፍያው የሚቆረጠው በራሱ በትሮን ሳንቲም ነው፣ ዋሌቱ ላይ ደግሞ አንድም አልነበረም። ጥቂት ትሮን እስኪያስገባ ሁለት ቡና ጠጣን። እናንተ ቀድማችሁ አዘጋጁ። የመላኪያውን ወጪ ማን እንደሚችልም ተስማሙ፣ ለትንሽ ነገር ሽማግሌ አይሰብሰብ።

አድራሻ በእጅ አይጻፍም፣ ኮፒ ነው። ከለጠፋችሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን አምስት አምስት ፊደላት እያነበባችሁ አስተያዩ። የላኪውና የተቀባዩ መረብ አንድ መሆኑን እዩ። በተሳሳተ አድራሻ ከሄደ የሚመልስላችሁ ባንክም ፍርድ ቤትም የለም። መጀመሪያ ትንሽ ላኩ። እነሱ 5 ላኩ።

«ደረሰ?» አሉ አባባ።

«ደረሰ» አለች። የቀረውን ላከ። ከእያንዳንዱ መላክ በኋላ የሚወጣውን ረጅሙን የዝውውር መለያ ቁጥር ስምምነቱ ላይ ጻፍኩት፣ የትሮንስካኑን ገጽም አትሜ አያያዝኩት። ፊርማ ከዚያ በኋላ ሆነ። በስምምነት የሆነ ፍቺም ቢሆን ዳኛው ፊት ቀርቦ መጽደቅ ስላለበት፣ ሳንቲሙ ተከፍሎ ያለቀ መሆኑ ወረቀቱ ላይ መታየቱ ጥያቄ ይቀንሳል።

ሊወጡ ሲሉ አባባ ያቺን የታጠፈች ወረቀት አነሷት።

«ይቺስ?»

«የባዶ ቤት ቁልፍ ናት አባባ።»

አገላብጠው አዩዋትና መልሰው ጋቢያቸው ሥር ከተቷት።